ጃይሮው ዐሥር እስኪቆጥር

«ራሱን በራሱ የሚያቃና ከሆነ ማን ያዘው ማን ምን ለውጥ አለው?» አሉ ጋሼ ወልደሥላሴ ከቺፑዱ ግድግዳ ወዲያ። «ዳግም ይያዘው። ቁመና አለው፣ አነጋገር ያውቃል። ኃላፊዋ ፊት ሲቆም ደስ ይላል።»

ሻሺቱ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቆመች። ያ ግድግዳ የተሠራው አንዱን ክፍል ሁለት ለማድረግ ነበር። ክፍሉን ሁለት አድርጎታል፤ ወሬውን ግን እንደነበረ አንድ አድርጎ ትቶታል። በአራት ዓመት ውስጥ ከዚያ ወዲያ ስለ ራሷ ያልሰማችው ነገር ጥቂት ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት መሙላቷን፣ ሞባይል መጠገን ለሴት ልጅ ዓይን ጥሩ አለመሆኑን፣ ሻይ ላይ ስኳር ማብዛቷን ሁሉ የሰማችው ከዚያው ነው። የዛሬው ግን አዲስ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ አባያ ሐይቅ ዳር ወዳለው ሜዳ አንዲት የዞን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ይመጣሉ። በሪሞት የምትነዳዋን ትንሽ አውሮፕላን ስትበር ያያሉ። አውሮፕላኗን የሠራችው ሻሺቱ ናት፤ ሦስት ጊዜ ከስክሳ ሦስት ጊዜ መልሳ ያጣበቀቻትም እሷው ናት። ኃላፊዋ በቦርሳቸው የሚይዙት ደብዳቤ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በወጣቶች ማዕከሉ ለተማሪዎች የሞዴል አውሮፕላን ሥልጠና እንዲሰጥ የሚፈቅድ ነው። ቁጥር ወጥቶለታል፣ ማኅተም አርፎበታል፤ «አሠልጣኝ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ግን ባዶ መስመር አለ። በዚያ መስመር ላይ የሚጻፈው ዛሬ አውሮፕላኗን የሚያበርረው ሰው ስም ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ጋሼ ባይኖሩ ደብዳቤውም አይኖርም ነበር። ደጋው ጨንቻ ሳሉ ሸማኔ ነበሩ፤ ወደ ከተማው የላይኛ ሰፈር ወደ ሴቻ ከወረዱ በኋላ ሽማግሌ ሆኑ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ልጅ ይድራሉ፣ ወሰን ያሰምራሉ። የሟቹን ወንድማቸውን ልጅ የሻሺቱን ማመልከቻ ነጠላቸው ውስጥ ሸጉጠው ሦስት ቢሮ ተመላልሰዋል። በየገቡበት ጸሐፊውም ኃላፊውም «ኖር!» ብሎ ይነሣላቸዋል፤ እሳቸውም «በእግዜር!» ብለው ያስቀምጡታል። ሰው አንዴ ተነሥቶ ከተቀመጠ በኋላ እምቢ ለማለት እንደሚቸገር ጋሼ ያውቃሉ። ሻሺቱ ብቻዋን በሄደችባቸው አምስት ወራት ማንም አልተነሣላትም፤ ማመልከቻዋም እንደሰዎቹ ተቀምጦ ቆየ።

አፏን ተጉመጥሙጣ ወደ ክፍሏ ገባች። አውሮፕላኗ አልጋው ላይ፣ እሷ ደግሞ በተረፈው ቦታ ነው የሚተኙት። የአውሮፕላኗ ገላ ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ታሽጎ ከሚመጣው ነጭ ፎም የተቆረጠ ነው፤ ክንፏ ከላይ ነጭ፣ ከታች በቀይ ፕላስተር የተለበጠ ነው፤ ሰማይ ላይ ሆዷና ጀርባዋ እንዲለይ። ክንፉ ጫፍና ጫፍ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚታጠፉ ሁለት ቁራጮች አሉ፤ ሻሺቱ «ጆሮ» ትላቸዋለች። መሃል ሆዷ ውስጥ፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ጥቁር ነገር ተጣብቋል። ጃይሮው ይኸው ነው። በሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር የተገዛ። ሥራው ቀላል ነው፤ ነፋስ አውሮፕላኗን ወደ ቀኝ ሲያጋድላት እሱ ከአብራሪው ጣት ቀድሞ ይሰማዋል፣ ጆሮዎቹን አጥፎ ይመልሳታል። ወደ ግራ ካጋደላትም እንዲሁ። አንድ ጠባይ ግን አለው። ባትሪው ሲሰካ ዐሥር እስኪቆጠር ድረስ መነካት አይወድም። በዚያች ዐሥር ውስጥ የተሰማውን «እርጋታ ማለት ይህ ነው» ብሎ ይይዛል። ቢያንቀሳቅሱት መንቀሳቀሱን እርጋታ ነው ብሎ ያምናል፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛውን እርጋታ እንደ ጥፋት እየቆጠረ ቀኑን ሙሉ ሊያርመው ይታገላል። ሻሺቱ እንዲህ ያሉ ሰዎች ታውቃለች፤ ጃይሮው ግን ባትሪውን ነቅሎ መልሶ በመሰካት ይድናል።

ይህን ጠባዩን ያወቀችው በኪሳራ ነው። የዛሬ ሁለት ወር አውሮፕላኗን ጭኗ ላይ አስተኝታ ባትሪውን ስትሰካ ጋሼ ቻርጀር ሊጠይቁ ብቅ አሉ። «ኖር!» ብላ ተነሣች፤ ማን አይነሣም? ባትሪውን ሳትነቅል ሜዳ ወርዳ ስትወረውራት አውሮፕላኗ ወደ ግራ ተጠመዘዘችና ማንጎ ዛፍ ገባች። ሦስት ሳምንት ምክንያት ፈለገች። ማጣበቂያውን ጠረጠረች፤ የክብደቱን ሚዛን ጠረጠረች፤ የጎረቤት ዓይንም ለጥቂት ቀናት ተጠርጥሮ ነበር። በመጨረሻ በታችኛው ሰፈር በሲቀላ፣ ስልክ ከምትጠግንበት ሱቅ በረንዳ ላይ፣ አንድ አዛውንት ደንበኛ ስልካቸውን ይዘው ሲመጡ ባትሪውን እንደሰካች አውሮፕላኗን ታቅፋ ተነሣችላቸው፤ ጆሮዎቹ ተጣመው ሲቀሩም በዓይኗ አየች። የሰውየውን ስልክ በነጻ ሠራችላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕጓ አንድ ነው፤ አዛውንት በአካባቢው ካለ ባትሪ አይሰካም።

ቁርስ ከበቆሎ ዱቄት ተድቦልቡሎ የተቀቀለ ኩርኩፋ ነበር፣ ከሽፈራው ቅጠል ጋር፤ ዳሩ ላይ የሚያቃጥል ዳጣ። የጋሼ ባለቤት እትዬ ደግነት ሳህኑን ከአንዱ ወደ አንዱ ያዞራሉ። እትዬ ብዙ አይናገሩም፤ የሚናገሩትንም በሳህን ነው የሚናገሩት። ዛሬ የሻሺቱ ሳህን ላይ ሁለት ጊዜ ጨመሩ፤ ከግድግዳው ወዲያ የተባለውን እሳቸውም እንደሰሙ በዚህ ታወቀ።

«ሻሺቱ፣ አንዲት ምክር ነገር ነበረችን» አሉ ጋሼ። በዚህ ቤት ምክር ማለት ያለቀ ጉዳይ ማለት ነው። «አንቺ ሠርተሻል፤ ማንም አይክድሽም። ማብረሩን ዳግም ይያዘው። ሥራው ያንቺ፣ መታየቱ የእሱ። ለቤተሰቡ ያው አንድ ነው።»

«እናቴ ትሙት፣ እኔ አልጠየቅኩም» አለ ልጃቸው ዳግም። እናቱ በዚያው ሰዓት ሻይ እየቀዱለት ነበር፤ ቀድተው ጨረሱ። ዳግም ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ ሴቻ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ በስልኩ ላይ የአውሮፕላን ጨዋታ ሁለት ጊዜ ተጫውቶ አንዱን አሳርፏል። «ጃይሮ ካላት እኮ ሻሺ፣ እኔ ዝም ብዬ ፎቶ መነሣት ነው።»

«እሺ ጋሼ» አለች ሻሺቱ። «አንድ ነገር ብቻ። ባትሪውን የሚሰካው መሬት ላይ አስቀምጦ ነው። ዐሥር እስኪቆጥር ማንም አይነካትም። ሰምተሃል ዳግም?»

«ሰምቻለሁ። ዐሥር።»

ጋሼ ነገሩን በእጃቸው ሳያዩ አያምኑምና አውሮፕላኗን አስመጡ። ሻሺቱ ክፍሏ ውስጥ ወለል ላይ አስቀምጣ ሰካች፣ ቆጠረች፣ አመጣችላቸው። ሽማግሌው ወደ ቀኝ አጋደሏት፤ የወረደው ክንፍ ጆሮ ወደ ታች ታጠፈ፣ ክንፉን መልሶ ሊያነሣው። ወደ ግራ አጋደሏት፤ አሁንም ተቃወመቻቸው። ፈጠን አድርገው አወዛወዟት፤ ፈጠን ብላ ተቃወመች። «ባልኳት ቁጥር ተቃራኒውን ናት» አሉ፣ ወደ ወንድማቸው ልጅ እየተመለከቱ፤ «እጇ አለበት፣ ያስታውቃል።» ሁሉም ሳቀ። ሻሺቱም ለከንፈሯ ያህል ሳቀች። ኩርኩፋው ተበልቶ አለቀ።

ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ሚኒባስ አውሮፕላኗ የራሷ መቀመጫ ያዘች፤ ረዳቱም የሁለት ሰው አስከፈለ። «የሚበር ነገር ለምን በመኪና ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀ። ሻሺቱ «ፈቃድ እስኪወጣለት ነው» አለችው፤ መልሱ አጠገቧ ለተቀመጡት የመንግሥት ሠራተኛ ግልጽ ሆነላቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲቀላ ወርዳ ባድሩ ሱቅ ገባች። ጋሽ ባድሩ ከስኳር እስከ ሶላር ይሸጣሉ፤ ጃይሮውንም ከመርካቶ በሳሙና ካርቶን ውስጥ ያስመጡላት እሳቸው ናቸው። የሻሺቱ የጥገና ጠረጴዛ በረንዳቸው ላይ ነው፤ ኪራይ ትከፍላለች፣ ወሬ ደግሞ በነጻ ታገኛለች።

«የገንዘብ ላስቲክ፣ ወፍራሙን» አለቻቸው። ክንፉን ከገላው ጋር የሚያስረው ላስቲክ ነው፤ አውሮፕላኗ ብትወድቅ ክንፉ ከመሰበር ተፈናጥሮ ይወጣል።

«ዛሬ አይደል? ዱዓ አድርጌልሻለሁ» አሉ ጋሽ ባድሩ ላስቲኩን እየመረጡ። «ነፋሱን ተጠንቀቂ። ከቀትር በፊት ጨርሺ፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ አባያ ጠባዩን ይለውጣል።»

«የሚያበርረው ዳግም ነው።»

ጋሽ ባድሩ ቀና አሉ። «ለምን?»

«ጃይሮ አላት። ራሷን ታቃናለች ተባለ።»

ሰውየው ላስቲኩን አስቀመጡ። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ያለችውን ሚዛን በጣታቸው ነካ አደረጓት፤ መርፌዋ ተንቀጠቀጠችና ዜሮ ላይ ተመለሰች። «ይቺ ሚዛን ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ ስኳር ሸጣ አታውቅም።» የላስቲኩን ሃያ ብር ተቀበሉ፤ አንድ ትርፍ ላስቲክ ጨመሩላት።

ሜዳው ከሙዝ እርሻዎቹ አልፎ፣ ከአየር ማረፊያው ርቆ፣ ሐይቁ ዳር የተዘረጋ ሣር ነው። ከብት ሲግጥበት የከረመ ስለሆነ እንደ ተቆረጠ ነው፤ እበቱን እየዘለሉ ከሄዱ ለማረፊያ ይመቻል። ከሰፈር በጋሪ የመጡ ዐሥራ ሁለት የፕላስቲክ ወንበሮች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። የማዕከሉ ሰዎች፣ ከሙዝ እርሻው ሥራ ያቆሙ ጎልማሶች፣ መረባቸውን ትከሻቸው ላይ የጣሉ ሁለት ዓሣ አስጋሪዎች ተቀምጠዋል። አራት ሰዓት ሆነ፤ ነፋስ የለም፤ ሐይቁ እንደ ተንጣለለ ቆርቆሮ ነው። ኃላፊዋ የሉም። አምስት ሰዓት ሆነ፤ ስልክ ተደወለ፣ «መንገድ ላይ ናቸው» ተባለ። ስድስት ሰዓት ላይም እንዲሁ መንገድ ላይ ነበሩ። ጋሼም አልመጡም፤ እሳቸው ኃላፊዋ ሳይደርሱ መድረስ ክብር መቀነስ ነው ብለው ስለሚያምኑ እቤት ሆነው የኃላፊዋን መምጣት ይጠብቃሉ። ሻሺቱ የሙዙን ቅጠል ታያለች። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጫፍ ጫፉ ነቃ፤ ሰባት ሲሆን ቅጠሉ በሙሉ ወደ ከተማው ዞሮ ይውለበለባል። ነፋሱ ከሐይቁ ነው የሚመጣው።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ መኪናዋ ሙዙ መሃል ብቅ አለች። «መጡ መጡ!» ተባለ። ዳግም መነጽሩን አደረገ፣ ኮሌታውን አስተካከለ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አውሮፕላኗን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝግጁ ሆኖ ለመገኘት ባትሪውን ሰካ። ሻሺቱ ያኔ ሃያ እርምጃ ርቃ ከማረፊያው ላይ እበት እያነሣች ነበር። ወይዘሮ ቀመሪያ፣ ኃላፊዋ፣ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ በሌላው ፋይል ይዘው ወረዱ። አጭር፣ ፈጣን፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሦስት ቦታ የሚጠበቁ ሴት ናቸው። ሁለቱ ረድፍ ወንበር በአንድ ጊዜ ተነሣ። «ኖር! ኖር!» ዳግም ከሁሉም ቀድሞ ነው የተነሣው፤ አውሮፕላኗን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በሆቴሉ እንደለመደው ወገቡን ሰበር አድርጎ፣ ሁለት ጊዜ እጅ ነሣ።

«ኧረ በአላህ፣ ተቀመጡ» አሉ ወይዘሮ ቀመሪያ።

ሻሺቱ ጆሮዎቹን አየች። ዳግም ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አውሮፕላኗም በእጁ ላይ ቀጥ ብላለች፤ የቀኙ ጆሮ ግን ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች ተጣመው ቀርተዋል። ጃይሮው የቤተሰቡን ጨዋነት ቆጥሮ ጨርሷል። እንዲህ ሆና ከተወረወረች ሦስት ሰከንድ አትቆይም፤ ወደ ቀኝ ትጠመዘዛለች፣ ወደ ቀኝ ደግሞ ወንበሮቹ ናቸው። ይህን የሚያውቅ ሰው በሜዳው ላይ አንድ ብቻ ነበር። ሻሺቱ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል፤ ዝም ማለት ደግሞ ከዚያ ቤት በደንብ የተማረችው ሙያ ነው። ዳግም ያፍራል፣ ጋሼ ያፍራሉ፣ ቀጥሎ የሚጠራው ስም የእሷ ይሆናል። ይሁን እንጂ ምን ይዛ ልታሳይ? የተሰበረ ፎም? እዚያ ሁለተኛው ረድፍ ላይስ መረባቸውን ያቀፉት ሰውዬ ምን አደረጓት?

«ዳግም፣ ንቀለው» አለች።

«ሻሺ፣ ኃላፊዋ ፊት አታዋርጂኝ» አለ ከመነጽሩ ስር፣ ፈገግታውን ሳይለውጥ።

«ስትነሣ ቆጥሯል። ጆሮውን እየው።» አየው። ለእሱ ጆሮ ጆሮ ነው። ሻሺቱ ግን መልስ አልጠበቀችም፤ አውሮፕላኗን ከእጁ ተቀበለች፣ ባትሪውን ነቀለች፣ ከወንበሮቹ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ አስተኛቻት። ተንበርክካ ሽቦውን ሰካች፣ ነፋሱ እንዳያናውጣት በሁለት እጇ ከሥር ደግፋ ያዘቻት። አንድ። ሁለት።

በዚያው ቅጽበት ከጀርባዋ ወንበሮቹ ሁሉ አንድ ላይ ተንኳኩ። «ኖር! ኖር አባታችን!» ጋሼ ናቸው፤ ባጃጁ መንገድ ዳር አውርዷቸው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ በምርኩዛቸው እየመጡ። ሦስት። ኃላፊዋም ሳይቀሩ ተነሡ። አራት። ሜዳው ላይ ያልቆመ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ጀርባዋን ለሽማግሌው ሰጥታ ሣር ላይ ተንበርክካለች። አምስት። ጋሼ «በእግዜር» ማለት ጀምረው አቆሙት። ስድስት። የምርኩዙ ድምፅ ቀረበ፣ ከተረከዟ አጠገብ ቆመ። ጥላቸው በአውሮፕላኗ ክንፍ ላይ አረፈ። ሻሺቱ ጉልበቷ ሊነሣ ሲል ይሰማታል፤ ሠላሳ አራት ዓመት የተነሣ ጉልበት ፈቃድ አይጠይቅም። ሰባት። ያዘችው። ስምንት። «ይቺ ልጅ ታማለች እንዴ?» አሉ ጋሼ፤ ቀጥሎ ያለውን በጋሞኛ አሉት። ሲቆጡ ወደዚያ ነው የሚሄዱት። ዘጠኝ። ዐሥር። ጆሮዎቹ ሁለት ጊዜ ቅጭ ቅጭ አሉና ቀጥ ብለው ቆሙ።

ሻሺቱ ተነሣች፣ ዞረች፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። «ኖር፣ ጋሼ።»

«አሁን ነው?»

«ቅድም እየቆጠረ ነበር።»

«ማን?»

«ጃይሮው። እሱ ሲቆጥር ከተነሣሁ ይበላሻል።»

ጋሼ አውሮፕላኗን አዩዋት፣ ኃላፊዋን አዩዋቸው። ለሰው መነሣት የሚያበላሸውን ነገር በሰባ አንድ ዓመታቸው ገና ዛሬ ማየታቸው ነው። «ልጃችን ሥርዓት ጠፍቷት አይደለም» አሉ ለኃላፊዋ፤ «መሣሪያው ነው ሥርዓት የሌለው።» ከዚያም፣ ውሳኔያቸውን ሰው በተሰበሰበበት ላለመሻር፣ «ዳግም፣ ተነሥተህ ያዘው» ብለው ጨመሩ። ዳግም ቀድሞውንም ቆሞ ነበር።

ሻሺቱ ሪሞቱን ሰጠችው። አውሮፕላኗን ወደ ነፋሱ፣ ማለትም ወደ ሐይቁ፣ ወረወረች።

አበራረሯ ያማረ ነበር። ነፋሱ ከሥሯ ገብቶ ሊገለብጣት ሲል ጆሮዎቹ ብልጭ ይላሉ፣ ትቃናለች። እንደገና ይመታታል፣ እንደገና ትቃናለች። ሕዝቡ አጨበጨበ። ዳግም አውራ ጣቶቹን ሪሞቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ቆሟል፤ ከማዕከሉ ሰዎች አንዱ ፎቶ አነሣው። «አየሽ?» አሉ ጋሼ፣ ሻሺቱን ሳያዩ። «ራሷን አቀናች። አላልኩም?» አውሮፕላኗ ሣሩን ጨረሰች፣ ደንገሉን አለፈች፣ ቀጥ ብላ፣ ሳትወዛወዝ፣ በሙሉ እርግጠኝነት ወደ አባያ መሃል ገሰገሰች።

«አሁን ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉ ወይዘሮ ቀመሪያ።

ዳግም ወደ ቀኝ ነካ አደረጋት። ትንሽ ጋደል አለች፤ ጣቱን ሲያነሣ ጃይሮው ነፋስ መስሎት መልሶ አቀናት። ወደ ግራ ነካ አደረጋት፤ እሱንም አረመለት። ሦስተኛ ሞከረ፤ ሦስተኛም በጨዋነት ተመለሰለት። ነጩ ነገር የሰው መዳፍ አክሎ ነበር፣ አሁን የዶሮ ላባ አከለ፣ አሁን ቁንጫ ሊያክል ነው። ከዓሣ አስጋሪዎቹ አንዱ «አዞው ምን እንደሆነች ሳያውቅ ይውጣታል» አለ።

«ሻሺ» አለ ዳግም። መነጽሩን አውልቆ ነበር።

ተቀበለችው። ዳግም በፍርሃት ነካ እያደረገ የሚተዋትን ዘንግ እሷ እስከ ዳር ገፍታ ያዘችው፤ አልለቀቀችም። ጃይሮው ተከራከረ፤ እሷ ግን ይዛ ቆየች። ሩቅ፣ ውሃው ላይ፣ ቀይ ነገር ብልጭ አለ፤ የክንፉ ሆድ ነው፣ ዞራለች። አሁን ፊቷን ወደ ሰዎቹ አድርጋ ስትመጣ ቀኟ ግራ፣ ግራዋ ቀኝ ነው፤ ለዚህ ነገር የሚሠራ መሣሪያ ሻሺቱ አልገዛችም፣ ሁለቱ የመጀመሪያ ስብርባሪዎች አስተምረዋታል። ነጩ ነጥብ ላባ ሆነ፣ መዳፍ ሆነ፣ በሕዝቡ ራስ ላይ አልፎ ዞረ። ዙሩን ስትጨርስ ሻሺቱ ሪሞቱ ትከሻ ላይ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ቀጭ አደረገቻት። አውሮፕላኗ ወዲያው መንገጫገጭ ጀመረች፤ ክንፏ ወደዚህ ወደዚያ ይላል፣ ልክ ነፋስ ላይ እንዳለ ማንኛውም ወፍ። የሻሺቱ ጣቶች ግን ሩዝ እንደሚለቅም ሰው በትንሽ በትንሹ ይሠራሉ። አልወደቀችም።

«ምን አደረግሽው?» አሉ ወይዘሮ ቀመሪያ።

«ጃይሮውን አጠፋሁት።»

ጋሼ አንገታቸውን ቀና እንዳደረጉ «አሁን ማነው የሚያቃናት?» አሉ። ማንን እንደጠየቁ ግልጽ አልነበረም። ሰማዩን ትተው ወደ ሻሺቱ እጅ ተመለከቱ፤ ለረጅም ጊዜ። ሸማኔ እጅ ማየት ያውቃል። ሻሺቱ ጃይሮውን መልሳ አበራች፣ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዞረች፣ እበቱ ከተነሣለት ሣር ላይ አሳረፈቻት። አውሮፕላኗ ተንሸራታ ከኃላፊዋ ጃንጥላ ሦስት እርምጃ ላይ ቆመች።

ወይዘሮ ቀመሪያ ፋይላቸውን የመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጉ፣ እስክሪብቶ ከፈቱ። «የአሠልጣኝ ስም?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዳግም ግን ቀደማቸው። «የእሷን ይጻፉ» አለ። «እኔ ሆቴል ነው የምሠራው፤ መቀበል እንጂ መመለስ አልችልበትም።»

«ሙሉ ስምሽን፣ ከነአያትሽ።»

«ሻሺቱ ሊሻን» አለች፣ የአያቷን ስም ልትጨምር ስትል ከጀርባዋ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። «ሻንካ» አሉ ጋሼ። አያቷ የሳቸው አባት ናቸው። «ሻንካ ብለው ይጻፉ። እስክሪብቶው ይታያል? ደመቅ ያድርጉት።»

ወደ ቤት ሲመለሱ አባትና ልጅ በባጃጅ ቀደሙ። ሻሺቱ ወንበሮቹን ለጋሪው አስረክባ፣ ሲቀላ ወርዳ ደብዳቤውን ለጋሽ ባድሩ አሳይታ ነው ሴቻ የወጣችው፤ ጋሽ ባድሩ ማኅተሙን በጣታቸው ነክተው «አልሐምዱሊላህ፣ ይኼ ላስቲክ ጠንካራ ነበር» ብለዋታል። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በአንድ እጇ አውሮፕላኗን፣ በሌላው ደብዳቤውን ይዛ ሳሎኑ በር ላይ ደረሰች። ዳግም የተነሣቸውን ፎቶዎች እያየ ነው። እትዬ ደግነት ሳህን ያዘጋጃሉ፤ ከወትሮው አንድ የሚበልጥ ሳህን አልነበረም፣ የሻሺቱ ግን ዛሬ ከጋሼ ቀጥሎ ተቀምጧል። ጋሼ ሶፋቸው ላይ ናቸው፣ ምርኩዛቸው ጉልበታቸው መሃል።

አዩዋት። ምርኩዙን ተመረኮዙ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ የሶፋውን ክንድ ይዘው፣ ተነሡ። ቆሙ።

ዳግም ስልኩን አወረደ። እትዬ ጭልፋቸውን አየር ላይ ያዙ።

«እግሬ ደንዝዞ ነው» አሉ ጋሼ ወደ ግድግዳው እያዩ።

«በእግዜር» አለች ሻሺቱ።

ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። ከልማድ የተነሣ በልቧ ትቆጥር ነበር። ጋሼ የተቀመጡት ዐሥራ አንድ ስትል ነው።